ባልና ሚስት ሆኖ በባዕድ አገር ሙያ ስለ ማስተማር

ሙያቸውን ይዘው በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሐርጌሳ ለመሻገር ያሰቡ የጅጅጋ ባለትዳሮች የሚስተር ዋልድማየርን ታሪክ ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። እኚህ የስዊስ ተወላጅ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የእጅ ሥራ ሲያስተምሩ የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገቡ፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው በዚያው መንደር ነው። የጋፋት ዋና ደንበኛ ግን ቤተ መንግሥቱ ነበርና፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ሲነሡ ሥራው ተቋረጠ። ባልና ሚስቱም እ.ኤ.አ. በ1868 ከአገር ወጡ፤ ሚስተር ዋልድማየር በ1873 በሊባኖስ ብሩማና ያቋቋሙት ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ያስተምራል።

ስለዚህ መንገደኞቹ ከመነሣታቸው በፊት፥ መምህሩ ሲመለስ ለተማሪው ክርና ቆዳ የሚልክለት፥ የሠራውንም የሚገዛው የጅጅጋ ነጋዴ ማን እንደ ሆነ በጽሑፍ ይዋዋሉ።