ክንፉ ከወደቀ በኋላ፦ የዲትሮይት የኤግዚቢሽን መኪኖች ከ1960 እስከ 1963

ጃጓር በዲሴምበር 2024 «ታይፕ 00» የተባለችውን የኤሌክትሪክ መኪና ሮዝና ሰማያዊ ቀብቶ ማያሚ ላይ ሲያቀርብ የስድብ መዓት ወረደበት። የኮፈኗ ርዝመት፣ የኋላ መስታወት ማጣቷ፣ ቀለሟ ሳይቀር አንድ በአንድ ተተቸ። የኤግዚቢሽን መኪና ግን ቀዳሚ ሥራዋ መሸጥ ሳይሆን ማነጋገር ነው። በዚህ ሙያ የ1960ዎቹን መጀመሪያ ዲትሮይት የሚስተካከል እስካሁን አላየሁም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጂኤም፣ ፎርድና ክራይስለር ያኔ አንድ ችግር ገጥሟቸው ነበር። በ1959ኙ ካዲላክ ጫፍ የደረሰው የጅራት ክንፍ ከዚያ በላይ መሄጃ አልነበረውም። ክንፉን ያስጀመረው ሃርሊ ኧርል በ1958 ማብቂያ ከጂኤም ጡረታ ወጣና ወንበሩን ቢል ሚቸል ያዘ። ሚቸል የሚወደው ስል ጠርዝ ነው። በ1961 ላሪ ሺኖዳ የነደፈለት «ማኮ ሻርክ» አፍንጫዋ ሹል፣ የጭስ ማውጫ ቱቦዎቿ ከጎን የሚወጡ፣ ቀለሟም ከላይ ጠቁሮ ወደ ሆዷ እየነጣ የሚወርድ ነበር። ሚቸል አጥምዶ ያስደረቀውን ሻርክ እያሳየ «ልክ እንደዚህ ቀቡልኝ» ብሎ ቀቢዎቹን መከራ አሳያቸው፤ ቢቸግራቸው ሻርኩን በሌሊት አውርደው በመኪናዋ ቀለም ቀቡትና መልሰው ሰቀሉት፣ አለቅየውም ረካ ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ የሕዝቡን ዓይን ለ1963ቱ ኮርቬት ስቲንግሬይ ያለማመደችው ማኮ ሻርክ ናት። ሌላዋ የጂኤም መኪና «ኮርቬር ሞንዛ ጂቲ» ደግሞ በር የላትም፤ ጣሪያዋ ከነመስታወቱ ወደ ፊት ይነሣል። ወጣቱ ጣሊያናዊ ዲዛይነር ጁጃሮ በርቶኔ በተባለው የዲዛይን ቤት ሆኖ የሠራት «ቴስቱዶ»ም የቆመችው በኮርቬር ሻሲ ላይ ነው።

ፎርድን ቶሎ ልለፈው። የ1961ዷ «ጃይሮን» ሁለት ጎማ ብቻ ኖሯት በጃይሮስኮፕ ሚዛኗን እንድትጠብቅ የታሰበች ነበረች፤ ስትቆም ግን ከግራና ከቀኟ ትንንሽ እግር ታወጣለች። ዲዛይነሩ አሌክስ ትሬሙሊስ በ1962 ለሲያትል ኤግዚቢሽን ስድስት ጎማ ያላትን መኪና ደገመ፤ እሷም ሙሉ መጠን የሌላት ሞዴል ነች። እነዚህን ከመኪና ይልቅ ከፖስተር እመድባቸዋለሁ። በዚያው ዓመት በዋትኪንስ ግሌን የውድድር ሜዳ እሽቅድምድመኛው ዳን ጋርኒ የነዳት «ማስታንግ 1» ግን በእርግጥ ትሄድ ነበር፤ ሞተሯ ከነጂው ጀርባ ነው። በ1964 ገበያ የወጣው ማስታንግ ከእሷ የወሰደው ከስሟ ብዙም አያልፍም። ከፎርድ ሰዎች ሁሉ ይበልጥ እኔን የሚስበኝ ማኪንሊ ቶምፕሰን ነው፤ በ1956 የተቀጠረ የኩባንያው የመጀመሪያ ጥቁር ዲዛይነር። በኋላ ለአፍሪካ መንገድ፣ በአፍሪካ ፋብሪካ የምትገጣጠም ባለፕላስቲክ አካል «ዋሪየር» አሰበ፤ ፎርድ እምቢ ሲለው ናሙናውን ራሱ ሠራ። ለብቻው ጽሑፍ የሚገባው ሰው ነው።

ከሦስቱ የማደላው ለክራይስለሩ ቪርጂል ኤክስነር ነው። በ1960 በራሱ ስም የሰየማት «ኤክስኤንአር» ሻሲዋ የተራው የቫሊያንት ነው፤ አካሏ ግን ጣሊያን፣ ቱሪን ውስጥ፣ ጊያ በተባለው የመኪና አካል ሠሪ ባለሙያዎች እጅ የተሠራ ነው። ኮፈኗ ላይ በግራ በኩል የሚነሣው ጉብታ በነጂው ፊት አልፎ ከነጂው ጭንቅላት ጀርባ ክንፍ ሆኖ ይቆማል፤ በስተቀኝ አቻ የለውም። የተሳፋሪው ወንበር ከነጂው ዝቅ ብሎ የተተከለ ነው፣ ብቻውን የሚሄድ ሰውም ያንን ወገን በብረት ክዳን ይዘጋዋል። የኋላ ፓራውልቷ ክንፉን ተከትሎ መስቀል ይሠራል። ነጂው የሚቀመጠው በአንድ ወገን ከሆነ መኪናዋ ለምን በሁለቱም ጎን እኩል ትሁን? ኤክስነር ይህን ጥያቄ በላሜራ ጠየቀው። በሙከራም በሰዓት ወደ 240 ኪሎ ሜትር ሮጣለች። በቀጣዩ ዓመት የመጣችው «ተርቦፍላይት» በሯ ሲከፈት የመስታወት ጣሪያዋ አብሮ ይነሣል፣ ከኋላዋም እንደ አውሮፕላን የአየር ፍሬን ተሰቅሏል። እዚህ ላይ ኤክስነር አበዛው፤ ከክንፍ ሱስ አልተላቀቀም።

መጨረሻው አላማረም። የጂኤሙ ሼቭሮሌት መኪኖቹን ሊያሳንስ ነው የሚል ወሬ የሰሙ የክራይስለር አለቆች የ1962ቱ ዶጅና ፕሊመዝ ካለቀ ዲዛይን ላይ እንዲቆረጡ አዘዙ። ወሬው የተሳሳተ ነበር፤ ሽያጩ ወደቀ፣ ዳፋው ግን ለኤክስነር ተረፈ። በ1961 ማብቂያ ቦታውን ከፎርድ ለመጣው ኤልውድ ኤንግል ለቀቀ። ኤንግል በ1963 ያወጣውን የተርባይን መኪና ጊያ 50 አድርጎ ሠራለት፤ 203 ሰዎች እየተፈራረቁ ሞከሩት። ነሐስ መሳይ፣ የተስተካከለ፣ ከሩቅ ሲያዩት የፎርድ ተንደርበርድ የሚመስል መኪና ነው። ከሙከራው በኋላ አብዛኞቹ ተጨፈለቁ።

ኤክስኤንአር ከዚህ ዕጣ ያመለጠችው ክራይስለር ወደ ቱሪን ስለመለሳት ነው። ከዚያ ለኢራኑ ሻህ፣ ከሻህ ወደ ኩዌት፣ ከኩዌት ቤይሩት ደረሰች፤ በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነትም አንድ ሰብሳቢ ከቦታ ቦታ እያዘዋወረ ደበቃት። ካናዳ ውስጥ ታድሳ በ2012 ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ላይ በ935,000 ዶላር ተሸጠች።