ዓሣ ነባሪዎች በባሕር ዳር ስለ መቅረታቸውና ስለሚደረግላቸው ርዳታ

ዓሣ ነባሪ በስሙ ዓሣ ይባል እንጂ ዓሣ አይደለም። ደሙ ሙቅ ነው፤ በሳንባው ይተነፍሳል፤ ልጁንም ወልዶ ጡት ያጠባል። ስለዚህ ከውሃ ወጥቶ በአሸዋ ላይ የቀረ እንደሆነ እንደ ዓሣ ወዲያው ታፍኖ አይሞትም። ታዲያ የሚሞተው በምን ምክንያት ነው? ሰውስ ሊያድነው ይችላልን? በዚህ አጭር ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለመመርመር አስበናል። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው በኒው ዚላንድ የደቡብ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ያለውን ፌርዌል ስፒት የተባለውን ስፍራ ነው። ይህ ስፍራ 25 ኪሎሜትር ያህል ወደ ባሕር የዘለቀ፥ እንደ መንጠቆ የታጠፈ የአሸዋ ምላስ ነው። በፌብሩዋሪ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ጧት ፓይለት ዌል ከሚባለው ዓይነት 416 ዓሣ ነባሪዎች በዚያ ወድቀው ተገኙ። ከግማሽ የሚበልጡት ሞተው ነበር። በማግስቱ ደግሞ ከ200 የማያንስ ሌላ መንጋ በአጠገቡ ወጣ።

ምክንያቱን በአንድ ቃል መናገር አይቻልም። ፓይለት ዌል መንገዱን የሚያውቀው ድምፅ አሰምቶ፥ ከፊቱ ካለው ነገር ነጥሮ የሚመለሰውን በማዳመጥ ነው። የባሕሩ ወለል ቀስ በቀስ የሚያዘቀዝቅ አሸዋ በሆነበት ስፍራ ግን ድምፁ በደንብ አይመለስለትም። እርሱ ሳያውቅ ውሃው ይሸሻል። በዚህ ላይ እነዚህ እንስሳት በመንጋ የሚኖሩ ስለሆኑ፥ አንዱ ሲቸገር ሌሎቹ ትተውት አይሄዱም። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ ከሰው ይመጣል። በማርች 2000 ዓ.ም. በባሃማስ ደሴቶች 17 የባሕር አጥቢዎች በወጡ ጊዜ፥ የአሜሪካ መንግሥት ምርመራ የባሕር ኃይሉን የሶናር ድምፅ ዋነኛ ምክንያት አድርጎታል።

አሁን ወደ አሟሟቱ እንመለስ። አዋቂው ወንድ ፓይለት ዌል ከ2 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል። ይህን ክብደት በባሕር ውስጥ ውሃው ይሸከምለታል፤ በየብስ ላይ ግን የገዛ አካሉ ሳንባውንና ጡንቻውን ይጫነዋል። ከቆዳው በታች ያለው ወፍራም ስብም በቀዝቃዛ ባሕር ጠቃሚ የነበረው፥ በፀሐይ ላይ ሙቀቱ እንዳይወጣ ይከለክላል። በጎኑ የተጋደመ እንደሆነ ደግሞ ውሃው ሲመለስ በራሱ ላይ ባለው መተንፈሻ ቀዳዳ ገብቶ ያሰጥመዋል።

የርዳታው ሥርዓት ከዚህ የሚከተል ነው። እንስሳውን በሆዱ ያስተኙታል፤ ለጎን ክንፎቹ አሸዋውን ይቆፍሩለታል፤ እርጥብ አንሶላ አልብሰው ውሃ ያፈሱበታል፤ መተንፈሻውን ግን አይሸፍኑም። በጅራቱ መጎተት ስለሚጎዳው ክልክል ነው። ባሕሩ ሲሞላ በተናጠል ሳይሆን በአንድነት ይለቋቸዋል፤ ብቻውን የተለቀቀ ወደ ወገኖቹ ይመለሳልና። በፌርዌል ስፒት በጎ ፈቃደኞች በውሃው ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገዱን የዘጉት ስለዚህ ነበር። በኒው ዚላንድ በ1974 ዓ.ም. የተቋቋመው ፕሮጀክት ጆና ሕዝቡን ይህን ሥራ ያስተምራል፤ ጆና የተባለውም የእኛው ዮናስ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የታተመ የዘር ጥናት እንዳስረዳው፥ በአንድነት የወጡት ሁሉ የአንድ እናት ዘር አይደሉም፤ ግልገሎችም ብዙ ጊዜ ከእናታቸው ርቀው ይገኛሉ። እንግዲህ ግልገሉን በአጠገቡ ካለችው ሴት ጋር መልቀቅ ከእናቱ ጋር ማገናኘት ላይሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ፍርድ ግን ሌላ ነው። በታዝማንያ በ2020 ዓ.ም. ከወጡት 470 ያህል ፓይለት ዌሎች ከ100 በላይ ተርፈዋል። በዚያው ደሴት በፌብሩዋሪ 2025 ዓ.ም. ሌላ ዓይነት 157 እንስሳት በወጡ ጊዜ ግን፥ ማዕበሉ ወደ ባሕር የተገፉትን እየመለሰ ስላስቸገረ፥ ባለሙያዎቹ በሕይወት የቀሩትን መግደልን መረጡ። ይህ ለብዙ ሰው ጭካኔ ይመስላል። እኛ ግን የማይድነውን ለቀናት በፀሐይ ማቆየት ርኅራኄ ነው ለማለት አንደፍርም።

ከዚህ ሁሉ እንደምንረዳው፥ ርኅራኄ ዕውቀት ካልመራው የሚረዳውን ይጎዳል። በጅራቱ የሚጎትተውም ሰው ያዘነለት መሆኑን መርሳት አይገባንም።