በፍቅር ስም ለተጭበረበረ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

የፍቅር ማጭበርበር የሚባለው አንድ ሰው በማኅበራዊ ሚዲያ ሐሰተኛ ስምና የሌላ ሰው ፎቶግራፍ ይዞ በመቅረብ፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት የትዳር ተስፋ እየሰጠ እምነት ካተረፈ በኋላ፣ ለሕክምና፣ ለአውሮፕላን ትኬት ወይም ጉምሩክ ያዘው ለሚለው ስጦታ ቀረጥ እያለ ገንዘብ የሚቀበልበት ወንጀል ነው።

የእዣ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው አገናም ሆነ በሌሎች የጉራጌ ከተሞች፣ የሚጠፋው ገንዘብ ከአዲስ አበባ ንግድ ወይም ከውጭ አገር ሥራ ለቤተሰብ የተላከ፣ አለዚያም የእቁብ ዕጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ጉዳቱ ከአንድ ሰው አልፎ ቤት ያናጋል። ተበዳዩን ዝም የሚያሰኘው ይሉኝታም ከዚሁ ይመነጫል፤ ነገር ግን ዝምታው የሚጠቅመው አጭበርባሪውን ብቻ ነው። የጠፋው የእቁብ ዕጣ ከሆነ፣ የእቁቡ ዳኛ እውነቱን ከተበዳዩ አፍ አስቀድሞ ቢሰማ፣ የእቁቡ ክፍያ በተቋረጠ ጊዜ ከሚሰማው ይሻላል።

ስለዚህ ተበዳዩ ማጭበርበሩን እንዳወቀ ወዲያውኑ ገንዘቡን ላስተላለፈበት ባንክ፣ በቴሌብር ከላከም በ127 ደውሎ ማሳወቅ አለበት፤ ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ካልወጣ የማገድ ዕድል ይኖራል፣ ከወጣ ግን ማስመለሱ እጅግ ከባድ ነው። በንዴት መልእክቶቹን ማጥፋት ትልቅ ስሕተት ነው፤ የተጻጻፉት ሁሉ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ የሒሳብ ቁጥሩና ደረሰኙ በስክሪንሾት ጭምር ሊቀመጡ ይገባል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ስለሚያስገድድ፣ ዘግይቶ የሚቀርብ አቤቱታ ይህን መረጃ ሊያጣ ይችላል።

ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 10 ማንነትን በሐሰት በመግለጽ ወይም የሰውን የተሳሳተ እምነት በመጠቀም የሚፈጸምን የኮምፒውተር ማታለል እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ማለትም በሕግ ፊት ወንጀለኛው ያታለለው እንጂ ያፈቀረው አይደለም። የእርቃን ፎቶግራፍ ይዞ ካልከፈልክ እበትናለሁ የሚል ዛቻም ራሱን የቻለ ወንጀል ሲሆን፣ አንድ ጊዜ መክፈል ሌላ ጥያቄ እንጂ ዕረፍት አያመጣም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ሁለተኛው ወጥመድ ነው፦ የጠፋውን ገንዘብ እናስመልሳለን፣ ቅድሚያ ክፍያ ላኩ የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው አጭበርባሪዎች ናቸው። ፖሊስ አቤቱታ ለመቀበል ክፍያ አይጠይቅም፤ በአገና የሚኖር ተበዳይም ማስረጃውን ይዞ እዚያው በከተማው ላለው ፖሊስ ማመልከት ይችላል።