ዘር የሚቆጠረው ዝምድና እንዲቀጠል ነው

በረመዳን ማታ ቴምሩና ሾርባው ተቀምሶ፣ ሳምቡሳው ተበልቶ ተራዊህ እስኪደርስ ባለችው አጭር ጊዜ ቤተሰብ አብሮ ይቀመጣል። ልጆች በዚህች ሰዓት ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «የአያታችን አባት ከየት ነው የመጡት?» የሚል ነው። ብዙዎቻችን የአባታችንንና የአያታችንን ስም እንጠራና ከዚያ በላይ ያለውን «ከሩቅ ነው የመጡት» ብለን እንዘጋዋለን። ልጁም ዝም ይላል።

እኛ የአርባ ምንጭ ሰዎች ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይመለከተናል። ከተማችን ወጣት ናት። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ቀድሞ በደጋው በጨንቻ ነበር፤ አርባ ምንጭ ያደገችው በ1950ዎቹ መቀመጫው ወደ ቆላው፣ ወደ አባያና ጫሞ ሐይቆች አቅራቢያ ከወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ በሴቻም ሆነ በሲቀላ የምናገኛቸው ሽማግሌዎች አያቶቻቸው የተወለዱት ሌላ ቦታ ነው። አንዱ ከጨንቻ ወርዷል፣ አንዱ ከጋሞ ገጠር መጥቷል፣ አንዱ ከስልጤ ወይም ከጉራጌ ለንግድ መጥቶ እዚሁ ቀርቷል። በአንጻሩ ከዚሁ አገር የወጡም ብዙ ናቸው። የዶርዜ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ ሄደው ሽሮ ሜዳን የሸማ ሰፈር አድርገዋታል። የዛሬ ልጆቻችን ደግሞ ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ።

በእስልምና ዘርን ማወቅ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናችንን የምንቀጥልበትን ያህል ዘራችንን እንድንማር አስተምረዋል። ታላቁ ሰሃባ አቡበክር (ረ.ዐ) ከቁረይሾች ሁሉ የዘር ሐረግ ዐዋቂ እንደነበሩ ተዘግቧል። ዑለሞች የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የዘር ሐረግ እስከ ዐድናን ድረስ ተስማምተው ይቆጥሩታል፤ ከዐድናን በላይ ባለው ግን ስለተለያዩ ብዙዎቹ እዚያ ላይ ያቆማሉ። በዚህ ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ። የነቢያችን ሐረግ እንኳ ዕውቀት ባለቀበት ላይ ከቆመ፣ እኛ ያላገኘነውን ስም ፈጥረን ወደ ትልቅ ቤት ልንጠጋ አይገባም። እያወቀ አባቱ ወዳልሆነ ሰው ራሱን በሚያስጠጋ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ መጥቷል።

ስደትም ሐረግን እንደማይቆርጥ የሚያሳየን የራሳችን አገር ታሪክ ነው። በነቢይነት አምስተኛው ዓመት ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሰሃቦች እዚህ ልጆች ወልደዋል። የጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ ልጅ ዐብዱላህ የተወለደው በሐበሻ ምድር ነው። ኡሙ ኻሊድም እንዲሁ። ይህች ልጅ ወላጆቿ ወደ መዲና ሲመለሱ ገና ትንሽ ነበረች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለው ልብስ በእጃቸው አለበሷትና «ሰናህ» አሏት፤ በሐበሻ ቋንቋ «ያማረ ነው» ማለታቸው ነበር። የአባቷን ዘር እያወቁ በተወለደችበት አገር ቃል አጫወቷት። ከጅዳ ወይም ከዱባይ ተመልሶ አማርኛው የሚሰባበርበትን፣ ጋምኛው ፈጽሞ የጠፋበትን የልጅ ልጃችንን ስንቀበል ይህን እናስታውስ።

ሐረግ ሲቆጠር ደስ የማይል ነገርም ይገኛል። በጋሞ ደጋ ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚፍቁ ወገኖች ከገበሬው ጋር እንዳይጋቡ ተደርገው ለዘመናት ኖረዋል። በባሪያ ንግድ ዘመን ከአገራቸው ተሸጠው የሄዱም አሉ። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢከለከልም የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም በሹክሹክታ ይነሳሉ። አንዳንድ ቤተሰብ አንድ አያቱን ከነስሙ የሚደብቀው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ግን የሚያሳፍረው የናቀውን እንጂ የተናቀውን አይደለም። ነቢዩላህ ዳውድ ብረት እያበጁ የእጃቸውን ሥራ ይበሉ ነበር፤ ነቢዩላህ ዘከሪያ አናጢ ነበሩ። ባሪያ የነበሩት ቢላል (ረ.ዐ) መካ በተከፈተችበት ቀን በካዕባ ላይ ወጥተው አዛን ያሰሙት የቁረይሽ ትልልቆች እየተመለከቱ ነው። በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) በነገድና በጎሳ ያደረገን እንድንተዋወቅ መሆኑንና እርሱ ዘንድ የሚከበረው ፈሪው መሆኑን ነግሮናል። ሙያውንና ዘሩን ሰበብ አድርገን የተቅዋ ሰው ልጃችንን ሲጠይቅ የምንመልስ ከሆነ፣ የቆጠርነው ሐረግ በእኛ ላይ ይመሰክርብናል።

ዘር አለማወቅ ኒካሕንም ያበላሻል። በሰፈራችን እናቶች ጎረቤት ስትታመም ወይም ገበያ ስትውል ልጇን ማጥባት የተለመደ ደግነት ነበር። ኒካሕ ለማሰር ተሰብስበን፣ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት «ሁለቱንም እኮ እኔ አጥብቻቸዋለሁ» ብለው ጉዳዩ የቆመበት ጊዜ አጋጥሞናል። ዑቅባ ኢብኑል ሓሪስ (ረ.ዐ) ካገባ በኋላ አንዲት ሴት እንዲህ ያለውን ነገር ብትነግረው ከመካ መዲና ድረስ ተጉዞ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቋል፤ በምላሻቸውም ከሚስቱ ተለያይቷል። በሁለት ዓመት ዕድሜ ውስጥ ስለሚሆነው ጥቢና ስለ መጠኑ መዝሀቦች ዝርዝር ስላላቸው ዓሊም ይጠየቅ። ነገር ግን የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ማን ማንን እንዳጠባ ማወቅ አለበት። ይህን የሚያውቁት ደግሞ አሮጊቶቻችን ናቸው፤ እነሱ ሲያልፉ ዕውቀቱም አብሮ ይቀበራል።

ከአባት ስም ጋር የሚመጣም ጉዳት አለ። ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ሲባል በፓስፖርት ላይ የሌላ ሰው ስም እንደ አባት ስም የሚያስገቡ ልጆች አሉ። ሱረቱል አሕዛብ ሰዎች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ታዛለች፤ ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ ይባሉ የነበሩት ሰሃባ ወደ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ የተመለሱት በዚህ ነው። ሰውየው በሰው አገር ቢሞት ውርሱ ለማን ይደርሳል? ልጁስ አያቱን በምን ስም ይፈልጋል? የቦታ ስምም ያደናግራል። አንድ ቤተሰብ ሳይንቀሳቀስ የአያት ወረቀት ጋሞ ጎፋ፣ የአባት ሰሜን ኦሞ፣ የልጅ ደግሞ ጋሞ ዞን ሊል ይችላል። አስተዳደሩ ተለወጠ እንጂ ሰዎቹ አልተነሱም፤ ስለዚህ የቀበሌውንና የመንደሩን ስም አብሮ መጻፍ ይበጃል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ስለዋለ የልጆቻችንን ልደት በትክክለኛ ስም እናስመዝግብ።

ሐረጋችንን ወደ ላይ ስንወጣ ብዙዎቻችን ሙስሊም ያልሆነ ዘመድ እናገኛለን። በጋሞ ምድር ይህ የታወቀ ነው። እስልምናን ከተቀበለ በኋላ ከእናት አባቱ ቤት የቀረ ወንድም፣ ካስተምነው ስህተት እናርመው። የአቡበክር ልጅ አስማእ ሙሽሪክ የነበረች እናቷ ልትጠይቃት ስትመጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናዋን እንድትቀጥል ነግረዋታል። መስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ ጎዳና ተንበርክከው፣ በቡራዩ በደረሰው ግፍ የተቆጡ ወጣቶች ከሌላ አካባቢ የመጡ ጎረቤቶቻቸውን እንዳይጎዱ ለምነዋል። አያቶቻችን ከሩቅ የመጡብን እኛ ይህን ውለታ ለልጆቻችን ልንነግር ይገባል።

በቀሩት የረመዳን ሌሊቶች አንድ ደብተር እናውጣ። የእናትንም የአባትንም ወገን እንጻፍ፤ ሴቶቹን አንርሳ። ዓመቱን የማያስታውሱ አዛውንት «ከጣሊያን በፊት ነው ወይስ በኋላ?»፣ «መሬት ለአራሹ ሲታወጅ የት ነበሩ?» ተብለው ቢጠየቁ ይደርሱበታል። ያጠባችውን፣ የተቀበሩበትን፣ የሄዱበትን አገር እናስፍር። የተጠራጠርንበትን ባዶ እንተወው። በደብተሩ ላይ ችግረኛ ዘመድ ስናገኝ ዘካችንን ከእርሱ እንጀምር፤ ለዘመድ የሚሰጥ ምጽዋት ሁለት አጅር አለው፤ የምጽዋትና የዝምድና። ለዓመታት ያልደወልንለት ካለ ደግሞ ከዒድ በፊት እንደውልለት።

አላህ (ሱ.ወ) ጾማችንን ይቀበለን፤ የተለያየውን ዘመዳችንን ያገናኝልን፤ በሰው አገር ያሉ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።