ያውቁ ኖሯል? መሪው ሲቀልል

(ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? የተጫዋቹን እጅ ያንቀጠቀጠው የመጀመሪያው የጌም መሪ ክብ አልነበረም። ሴጋ በ1976 ባወጣው የሞተር ብስክሌት ጌም ላይ ተጫዋቹ ሲጋጭ የጨበጠው እጀታ ይንዘፈዘፍ ነበር። የወረታ ከተማ ባለባጃጆች ዝምድና ሊቆጥሩ ይችላሉ፤ ባጃጅም የሚነዳው በእጀታ ነው።

ክብ መሪ፣ ፔዳልና ማርሽ ያለው የአታሪው «ግራን ትራክ 10» ግን ቀድሞ በ1974 ወጥቷል። መሪው ያዞሩትን ይታዘዝ እንጂ ምንም አይመልስም። መልሶ የሚታገል መሪ ከነፍሪሲዮኑ ያመጣው የአታሪ ጌምስ «ሃርድ ድራይቪን» ነው፤ ዘመኑ 1989።

ንዝረትና ፎርስ ፊድባክ (የመሪው መልሶ መታገል) አንድ አይደሉም። ጆይስቲክ ውስጥ ያለችው ሞተር ወደ አንድ ጎን ያደላ ክብደት እያሽከረከረች ታንቀጠቅጣለች፤ ግራም ቀኝም አትልም። ፎርስ ፊድባክ ያለው መሪ ግን ዘንጉን ራሱን በሞተር ይጠመዝዘዋል። ሻጩ «አለው» ካለዎት ገመዱን ነቅለው መሪውን ያዙሩትና ይልቀቁት። ፈጥኖ ወደ መሃል ከተመለሰ የመለሰው ላስቲክ ወይም ሞላ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሌለው ሞተር እንዲህ አያደርግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መኪና ሲታጠፍ መሪው ወደ መሃል ለመመለስ የሚታገለው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት የፊት ጎማዎቹ የተገጠሙበት ዘንበል ያለ አቀማመጥ ነው። ሌላው መሬት የነካው የጎማ ላስቲክ መጠማዘዝ ነው። የሚገርመው፣ ይህ የመመለስ ኃይል ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ጎማው መሬት የመያዝ አቅሙን ከመጨረሱ በፊት ነው። ስለዚህ መሪው መቅለል ሲጀምር ጎማው ገና አልከዳም፤ ሊከዳ መሆኑን ለእጅዎ እየነገረ ነው። ጥሩ የጌም መሪ ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው ብል አላጋነንኩም።

ይህን ትምህርት በወረታ ዙሪያ ባለው ፎገራ ሜዳ ላይ ክረምት በነፃ ይሰጣል። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ሲረጥብ፣ ከአስፋልት ወርዶ የቀበሌ መንገድ የያዘ ሾፌር መረሬው የጎማውን ጥርስ ሲሞላበት መሪው እጁ ላይ ባዶ ይሆንበታል። ግማሽ ዙር ቢጠመዝዘውም አፍንጫው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ልምድ ያለው ጨምሮ አያጥፍም፤ መሪውን ጥቂት ይመልሳል፣ ነዳጅ ይቀንሳል፣ ጎማው እንደገና ሲነክስና መሪው ሲከብድ ያኔ ያጥፋል። ጌም ቤት ውስጥ ግን አብዛኛው ልጅ አልታጠፍ ሲለው እስከ ጥግ ያዞረዋል፤ ጎማው ሲይዝ መኪናው ዘሎ ገደል ይገባል፤ ከዚያም «መሪው ተበላሽቷል» ይባላል።

ሽቅብ መውጣትም መሪ ያቀላል። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ። በመካከላቸው ባለው አቀበት የተጫነ አይሱዙ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ።

ጭቃ በጌም የሚወዱ «ስኖውራነር»ን (2020) ይሞክሩ፤ ጎማው መሬቱን እየቆፈረ ይሰምጣል።

ራሊ ለሚወዱ ደግሞ፦ የኬንያው ሳፋሪ ራሊ ከ19 ዓመት በኋላ በ2021 ወደ ዓለም ራሊ ሻምፒዮና ተመልሷል፤ በ2023 የወጣው «ኢኤ ስፖርትስ ደብልዩአርሲ» ጌም ውስጥም አለ።

የጌም መሪን ኃይል እስከ መጨረሻ መጨመር ስሜት ይቀንሳል ቢባሉ ያምናሉ? ሞተሩ ጣሪያው ላይ ከደረሰ በኋላ ትንሹም ጉድጓድ ትልቁም እኩል ይሰማል፤ የጎማው ወሬ ይጠፋል። መፍትሔው ኃይሉን መቀነስ ነው። ተጫዋቾች ይህን ምክር ይጠሉታል፤ የከበደ መሪ እውነተኛ ይመስላቸዋል።

ቀጥ ባለ መንገድ እጅዎን ሲያነሡ መሪው ግራ ቀኝ እየዋለለ ካስቸገረ፣ ከጌሙ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ትእዛዝ ጥቂት ስለሚዘገይ ነው። «ዳምፐር» የሚለውን ማስተካከያ ጥቂት ይጨምሩ፤ እጅዎንም አያንሡ። መሪው ከመሃል ወደ ውጭ የሚሸሽ ከሆነ ደግሞ የኃይሉ አቅጣጫ ተገልብጧል። በአንዳንድ ጌሞች የሚገለብጥ ምርጫ አለ፤ ለጥገና ከመውሰድዎ በፊት ይፈልጉት።

ሎጂቴክ ጂ29 የተባለው መሪ የሚሰጠው የመጠምዘዝ ኃይል 2 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ የመሪው ጠርዝ ላይ ኪሎ ተኩል ያህል እንደመሳብ ማለት። የፋናቴክ ኩባንያ ትልቁ መሪ 25 ይደርሳል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መሪ ላይ ወደ 17 ኪሎ። የእጅ አንጓ ሊጎዳ ይችላል።

እውነተኛው መኪናም ወደ ጌሙ እየተጠጋ ነው። ኢንፊኒቲ በ2013 የመሪውን ትእዛዝ በሽቦ ለጎማ የሚያደርስ መኪና ሸጧል፤ የቴስላ ሳይበርትራክ (2023) ደግሞ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዝ ዘንግ ጭራሽ የለውም። ሾፌሩ እጅ ላይ የሚሰማው ሞተር የሠራው ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም መሪያቸውን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው።

ከውጭ አገር ዘመድ መሪ ሊልክልዎ ከሆነ ሁለት ነገር ይንገሩት። አንደኛ፣ የግድግዳ ሶኬት አስማሚው ከካርቶኑ አይቅር፤ ያለ እሱ ሞተሩ አይሠራም። ሁለተኛ፣ ከሎጂቴክ መሪዎች ጂ29 ለፕሌይስቴሽን፣ ጂ920 ለኤክስቦክስ ነው። ኮምፒውተር ሁለቱንም ይቀበላል፤ ፕሌይስቴሽን ግን ጂ920ን አይቀበልም።