የትራክተሩን ጥርስ ማን በላው?

በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች የቤላሩስ ትራክተር እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት በምትባለው ከተማ፣ ሲገጣጠም የኖረው ይኸው ዘር ነው። ከእነዚህ መካከል ስመ ጥር የሆነው ኤምቲዜድ-80 ሲያረጅ አንድ የታወቀ ሕመም አለው፤ ማረሻው አፈር ነክሶ እየጎተተ ሳለ ማርሹ በራሱ ይወጣል። አሽከርካሪው መልሶ ያስገባዋል፤ ትንሽ ሄዶ እንደገና ይወጣል። ከዚያ በኋላ በአንድ እጅ መሪውን፣ በሌላው የማርሹን ዘንግ ይዞ ማረስ ይመጣል።

ጋራዥ ሲደርስ የሚሰማው ፍርድ አጭር ነው፦ «ማርሹ አልቋል፣ ይቀየር።» ፍርዱ ብዙ ጊዜ ግማሽ እውነት ነው። ጥርሱ በእርግጥ አልቆ ይሆናል፤ ጥርሱን የበላው ግን ሌላ ነው። ያ ሳይገኝ አዲስ ማርሽ ማስገባት ገንዘብን ማስበላት ነው።

በመጀመሪያ ካምቢዮው የሚሸከመውን ጫና በቁጥር እንየው። የዚህ ትራክተር ሞተር 80 ፈረስ ጉልበት ገደማ አለው፤ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በደቂቃ 2,200 ጊዜ ይዞራል። የኋላ ጎማውን ከዳር እስከ ዳር 1.5 ሜትር ብንለው፣ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሲያርስ በደቂቃ 25 ጊዜ ያህል ብቻ ይዞራል። ዙሩ ወደ 90 እጥፍ ሲቀንስ የመጠምዘዝ ኃይሉ በዚያው ልክ ያድጋል። ከሞተሩ የወጣው 255 ኒውተን ሜትር ያህል፣ በሰበቃ የሚባክነውን ካልቆጠርን፣ ጎማዎቹ ዘንድ ሲደርስ ከ22,000 ያልፋል። ይህን ሥራ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና ከጎማው አጠገብ ያሉት ማርሾች ይካፈሉታል።

ይህ ሁሉ ኃይል የሚያልፈው አንዱ ጥርስ ሌላውን በሚነካባት ቀጭን መስመር ላይ ነው። የጥርሱ ጎን ቀጥ ያለ አይደለም፤ የሒሳብ ሊቁ ሌዎንሃርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለማርሽ ይበጃል ያለው ጉብጥ ቅርጽ አለው። በዚህ ቅርጽ ምክንያት ዙሩ ሳይንገጫገጭ ይተላለፋል። ያም ሆኖ ጥርሶቹ ከአንዲት ቦታ በቀር እየተንከባለሉ ብቻ ሳይሆን እየተንሸራተቱም ነው የሚያልፉት። በመካከላቸው ያለው የዘይት ሽፋን ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ነው፤ እሱ ሲጠፋ ብረት ብረትን ይፍቃል።

ሁለተኛው አደጋ ከላይ አይታይም። ሁለት ጉብጥ ብረቶች ሲጫኑ ውስጣቸው ምን እንደሚሆን ጀርመናዊው ሄንሪክ ኸርትዝ በ1880ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አስልቶታል። ብረቱን ለመሸርሸር የሚታገለው ኃይል የሚበረታው ከገጹ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ስለዚህ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከሥር ይጀምራል፣ ወደ ላይ ያድጋል፣ በመጨረሻም ቅርፊት ሆኖ ይነሳና ጥርሱ ላይ ጉድጓድ ይተዋል። ፋብሪካዎች ይህን ለመቋቋም ማርሹን ካርቦን በበዛበት እሳት ውስጥ ለሰዓታት ያቆዩትና በድንገት ያቀዘቅዙታል። የሚወጣው ጥርስ እንደ ድፎ ዳቦ ነው፤ ላዩ ጠንካራ፣ ውስጡ ግን ምት የሚችል። ጠንካራው ሽፋን ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። የተሰበረ ጥርስ በብየዳ ሞልቶ በሞረድ ማስተካከልን የማልደግፈው ለዚህ ነው። መለዋወጫ በጠፋበት ጊዜ ሰው ወደ ብየዳ ቢሄድ ችግሩ ይገባኛል፤ ነገር ግን የብየዳው ሙቀት የአጎራባቹንም ጥርስ ጥንካሬ ይወስዳል፣ ተሰብሮ የሚወድቀውም ቁራጭ ጤነኛውን ማርሽ ይዞ ሊጠፋ ይችላል።

ወደ ሕመሙ እንመለስ። ማርሹ ለምን ይወጣል? በዚህ ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ የሚገባው በዘንጉ ላይ ተንሸራትቶ ነው፤ ጫፉ በተደጋጋሚ ሲመታ ይሸረፋል፣ ጥርሱም ወደ ዳር እየሾለ ይቀጥናል። ያኔ ጫናው ጥርሱን ማዞር ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋዋል። ይህን ግፊት የሚከለክለው በሞላ የተወጠረ ትንሽ መቆለፊያ ነው፤ ሞላው ከደከመ ወይም ማርሹን የሚገፋው ሹካ ከሳሳ ቁልፉ አይጸናም። ኩሽኔታው ሲላላ ደግሞ ዘንጉ ራሱ ያዘነብላል፣ በየዙሩም ማርሹን ጥቂት በጥቂት ወደ ውጭ ያስኬደዋል።

ስለዚህ ከመፍታት በፊት መጠየቅ ይገባል። የሚወጣው አንድ ማርሽ ብቻ ከሆነ ጥርጣሬው ወደዚያ ማርሽና ሹካው ይሄዳል። በአንድ ዘንግ ላይ ያሉት ሁሉ የሚወጡ ከሆነ ኩሽኔታው ይጠረጠራል። ሲጎትት ብቻ ይወጣል ወይስ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ሲይዘው? ሲጎትትና ሲያዝ ጫናውን የሚሸከሙት የጥርሱ ተቃራኒ ጎኖች ናቸውና መልሱ የተበላውን ጎን ይጠቁማል።

የጥርሱን ጫፍ የሚሸርፈው ምት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከካምቢዮው ውጭ፣ ከፍሪሲዮኑ ይመጣል። ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ተረግጦ ፍሪሲዮኑ በደንብ ካልለቀቀ ዘንጉ እየዞረ ይቀራል፤ የሚገባው ማርሽ የሚዞረውን ሲነካ ያ የታወቀ የመፍጨት ድምፅ ይሰማል። ኤምቲዜድ-80 ፔዳሉ ሲረገጥ ይህን ዘንግ የምታቆም ትንሽ ፍሬን አለችው፤ እሷም ታልቃለች። ፔዳሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያለው ነፃ ርቀት ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ይህ በማስመሪያ የሚለካ፣ በቁልፍ የሚስተካከል ነገር ነው፤ ሳይለካ ሲቀር ግን የማርሽ ዋጋ ያስከፍላል።

ዘይቱም ይመሰክራል። ካምቢዮውና የኋላ አክስሉ የሚጋሩት 40 ሊትር ያህል ዘይት ሲፈስ ማግኔት ማስገባት ነው። እንደ ሊጥ የላመ ግራጫ ዝቃጭ ከዕድሜ የሚመጣ ነው። የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ከታየ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ መላላጥ ጀምሯል። ማግኔት የማይስበው ወርቅማ ፍቅፋቂ ካለ የነሐስ ክፍል እየተበላ ነው። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ውኃ ደግሞ የዘይቱን ሽፋን ስለሚያሳሳ ኩሽኔታን ያለ ዕድሜው ይጨርሳል።

ጥገናው ራሱ ከባድ ነው፤ ትራክተሩ ወገቡ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱም ግማሾች በጠንካራ መደገፊያ ላይ ሳይቀመጡ፣ ጎማውም ሳይታገድ፣ በክሪክ ብቻ ተማምኖ ቡሎን መፍታት ሰው ይገድላል። ከተፈታ በኋላ ማርሽ ቢቀየር ከጓደኛው ጋር መቀየር አለበት፤ አዲስ ጥርስ ከተበላ ጥርስ ጋር በጠባብ ቦታ ብቻ ስለሚነካካ ጫናው እዚያው ይከማቻል። ኩሽኔታዎቹና ፓራኦሊዎቹም አብረው ቢቀየሩ ወጪው ከዳግም መክፈት ያነሰ ነው።

ከሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ኃይሉን ወደ ጎማዎቹ የሚያጥፈው የዲፈረንሻል ማርሽ ነው። አቀማመጡ በስስ የብረት ቀለበቶች ይስተካከላል፤ የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ እንኳ ለውጥ ያመጣል። ጥርሶቹን ስስ ቀለም ቀብቶ በእጅ ማዞርና ቀለሙ የት እንደተነካ ማየት ያስፈልጋል፤ አሻራው ወደ ጥርሱ ጫፍ ወይም ሥር ከሸሸ ቀለበት ተጨምሮ ወይም ተቀንሶ ይደገማል። ከተገጠመ በኋላም አዲስ ጥርስ መጀመሪያ ላይ ብናኝ ያወጣል፤ ዘይቱ ከጥቂት አሥር ሰዓታት ቀላል ሥራ በኋላ ይፍሰስ፣ ማግኔቱም እንደገና ይታይ። የፔዳሉ ርቀት ደግሞ ትራክተሩ ከጋራዡ ከመውጣቱ በፊት በማስመሪያ ይለካ።