በመጠጥ ጊዜ ፊት ስለሚቀላበት ምክንያት

ሰው መጠጥ ቀምሶ ፊቱ ቢቀላ፥ ተመልካቾቹ እንደየጠባያቸው ይተረጕሙታል። አንዱ «ደሙ ሞቀ፥ አሁን ይጫወታል» ይላል። ሌላው «ገና ጀማሪ ነው፥ አልለመደም» ብሎ ይሥቅበታል። ሦስተኛው ደግሞ «ደም የሞላው ጤነኛ ሰው ነው» ብሎ ብርሌውን እንደ ገና ይሞላለታል። ነገሩ ግን ከሦስቱም አነጋገር የራቀ ነው። ፊት የሚቀላው፥ ቢያንስ በብዙዎች ዘንድ፥ ሰውነት ሊያስወግደው ያልቻለው መርዝ በደም ውስጥ ስለ ተጠራቀመ ነው። አስተማሪዎችና ማንበብ የሚችሉ የከተማ ሰዎች ይህን ለይተው ቢያውቁት፥ በየግብዣው የሚደርሰውን ጕዳት ሊቀንሱ ይችላሉ ብለን ስለምናምን፥ የዛሬውን ጽሑፋችንን ለዚሁ ጕዳይ ሰጥተነዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ራሱ ከስሕተቱ ነጻ አልነበረም። የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ትምህርት ለመከታተል በጃፓን አገር በተቀመጥሁበት ዘመን፥ አንድ ምሽት ከክፍል ጓደኞቼ ጋራ ለእራት ተሰበሰብን። በዚያ አገር ልማድ ሰው ለራሱ አይቀዳም፤ ባልንጀራው ይቀዳለታል፥ እርሱም በተራው ለባልንጀራው ይቀዳል። ታናሽ የሆነ ሰው ታላቁ የቀዳለትን መመለስ እንደ ነውር ይቈጠርበታል። አጠገቤ የተቀመጠው ጃፓናዊ ጓደኛዬ ግማሽ ብርጭቆ ቢራ እንኳ ሳይጨርስ፥ ፊቱና ጆሮው፥ አንገቱም እስከ ደረቱ ድረስ እንደ በርበሬ ቀላ። እኔም እንደ ቀልድ ቈጥሬ፥ «በሞቴ» የሚለውን የአገራችንን ቃል በቋንቋቸው ለመተርጐም እየታገልሁ ሁለተኛውን ቀዳሁለት፤ ሦስተኛውንም ደገምሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ ተነሥቶ ወጣ። ተከትዬው ብሄድ ግድግዳ ተደግፎ ሲያስመልሰው አገኘሁት። የልቡን ትርታ በጣቴ ብቈጥር በደቂቃ ከ130 በላይ ይመታ ነበር። በማግሥቱ አፍሬ ይቅርታ ብጠይቀው፥ «ግድ የለም፤ ታላላቆቼ በልምምድ ይጠነክራል ስለሚሉኝ እየተለማመድሁ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ይህ መልሱ ከዚያ ምሽት ይልቅ ብዙ ጊዜ ሲያሳስበኝ ኖሯል።

አልኮል ከሆድ ወደ ደም ከገባ በኋላ አብዛኛው የሚጣራው በጉበት ውስጥ ነው። ሥራው የሚፈጸመው በሁለት ደረጃ ሲሆን፥ ሠራተኞቹም ኢንዛይም የሚባሉት ረቂቅ የሰውነት ንጥረ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ኢንዛይም አልኮሉን ለውጦ አሴታልዴሃይድ የተባለውን ነገር ያደርገዋል። ይህ አሴታልዴሃይድ ከአልኮሉ የባሰ መርዝ ነው። ሁለተኛው ኢንዛይም ወዲያው ይቀበለውና ወደ አሴቴት፥ ማለት በሆምጣጤ ውስጥ ካለው አሲድ ወገን ወደ ሆነ ጕዳት የሌለው ነገር ይለውጠዋል፤ አሴቴቱም በመጨረሻ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው ሠራተኛ ደካማ የሆነ እንደ ሆነ፥ የፊተኛው ያመረተው መርዝ የሚያነሣው አጥቶ በደም ውስጥ ይከማቻል። በዚህ ጊዜ በቆዳ ሥር ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፥ ፊት ይቀላል፥ ይግላል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፥ ራስ ያማል፥ ያቅለሸልሻል፤ አንዳንዱም የደም ግፊቱ ወርዶ ያዞረዋል።

ይህ ሁለተኛው ኢንዛይም የሚደክመው በውርስ ነው። ኢንዛይሙ እያንዳንዳቸው 500 ያህል የአሚኖ አሲድ ቅንጣቶች ካሏቸው አራት ክፍሎች የተጋጠመ ሲሆን፥ በየክፍሉ ከእነዚህ ቅንጣቶች መካከል አንዲቱ ብቻ በሌላ መተካቷ ለድካሙ ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ደካማውን ዘር ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰ ሰው ኀይሉ በግማሽ የሚቀንስ ይመስላል። ነገር ግን ከአራቱ ክፍሎች አንዱ ደካማ ሲሆን የቀሩትንም ስለሚያውክ፥ የሚተርፈው ኀይል ከግማሽ በጣም ያነሰ ነው። በገጠር በሽተኛን በቃሬዛ ሲያጓጕዙ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ከአራቱ ተሸካሚዎች አንዱ ቢያነክስ ሦስቱም እንደ ልባቸው መራመድ አይችሉም። ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰው ደግሞ በዚህ በኩል ምንም ኀይል የለውም ለማለት ይቻላል።

ጠባዩ በብዛት የሚገኘው በምሥራቅ እስያ ሕዝቦች፥ በተለይም በቻይናዎች፥ በጃፓኖችና በኮርያዎች ዘንድ ነው። ከእነዚህ ሕዝቦች ከመቶው 36 ያህሉ መጠጥ ሲቀምሱ ፊታቸው እንደሚቀላ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2009 በተደረገው ግምት ደካማውን ኢንዛይም የወረሱት ሰዎች 540 ሚሊዮን ያህል፥ ይኸውም ከዓለም ሕዝብ ከመቶው 8 እጅ ነበሩ። ፒተር ዎልፍ የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1972 ሕፃናትን ሳይቀር መርምሮ፥ ልዩነቱ ከልምድ የመጣ ሳይሆን ከልደት ጀምሮ ያለ መሆኑን አስረድቶ ነበር፤ ሆኖም ምክንያቱን በነርቮች ላይ አሳበበ። እውነተኛው ምክንያት የኢንዛይሙ ጕድለት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1981 ያስታወቁት በጀርመን አገር በሐምቡርግ ይሠሩ የነበሩት ሐራዳ፥ አጋርዋልና ጎዴ ናቸው።

ነገሩ በፊት መቅላት ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ያህል ባላተትን ነበር። አሴታልዴሃይድ የሕዋሳትን የዘር ሐረግ የሚያበላሽ ነገር ነው። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ከአልኮል መጠጥ ጋራ የተያያዘውን አሴታልዴሃይድ፥ ሰውን ለካንሰር መዳረጋቸው በተረጋገጠባቸው ነገሮች መደብ ውስጥ አግብቶታል። ፊቱ እየቀላ መጠጣቱን የማይተው ሰው፥ ኢንዛይሙ ደኅና ከሆነውና ያንኑ ያህል ከሚጠጣው ሰው ይልቅ የምግብ ማውረጃ ቧንቧ ካንሰር እጅግ ያሠጋዋል። ከሁለት ወላጆቹ የወረሰው ሰው አንድ ብርጭቆ እንኳ ስለሚያሠቃየው ራሱን ከመጠጥ ያርቃል። በአደጋው ላይ የሚወድቀው ከአንድ ወላጁ የወረሰውና በመካከል ያለው ነው፤ መጠጡን በጭንቅ ይችለዋልና።

ጓደኛዬ «እየተለማመድሁ ነው» ያለው ነገር የሚያሳስበኝም ስለዚህ ነው። ዕለት በዕለት የሚጠጣ ሰው በጊዜ ብዛት መቅላቱ ይቀንስለታል፥ ሥቃዩንም ይለምደዋል፤ ኢንዛይሙ ግን አይጠነክርም። የጃፓን ሐኪሞች በመጠጥ ሱስ ተይዘው ከመጡላቸው በሽተኞች መካከል ከአንድ ወላጅ የወረሱት ስንት እንደ ሆኑ መርምረው፥ እ.ኤ.አ. በ1979 ከመቶው ሁለት ተኩል፥ በ1986 ስምንት፥ በ1992 ዐሥራ ሦስት ሆነው አግኝተዋቸዋል። የሕዝብ ዘር በዐሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ አይለወጥም። የተለወጠው ልማድ ነው፤ ይኸውም ከሥራ በኋላ አብሮ መጠጣት፥ የአለቃን ግብዣ እንቢ ለማለት አለመቻልና የመሳሰለው ሁሉ ነው። ተፈጥሮ ያቆመችላቸውን አጥር የገፋባቸው የባልንጀሮቻቸው እጅ ነበር ብል ከሐቅ የራቅሁ አይመስለኝም፤ እኔም በአንድ ምሽት ከገፊዎቹ አንዱ ነበርሁ።

ከዚህም የባሰ ብልኀት ያገኙ የመሰላቸው አሉ። አንዳንድ ወጣቶች ወደ ግብዣ ከመሄዳቸው በፊት ለጨጓራ አሲድ የሚታዘዘውን ፋሞቲዲንን ወይም ለአለርጂ የሚሰጠውን ክኒን ይውጣሉ። ክኒኑ የደም ሥሮቹን መስፋት በመጠኑ ስለሚከለክል መቅላቱ ይቀንሳል፤ በደም ውስጥ ያለውን አሴታልዴሃይድ ግን አይነካውም። ውጤቱም የቤቱን ጭስ መውጫ ደፍኖ እሳቱን እንደ መተው ነው። ምልክቱ ስለ ጠፋለት ይበልጥ ይጠጣል፥ ይበልጥም ይጐዳል። ቡና፥ ሎሚ፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ቀዝቃዛ ውሃ በፊት ላይ ማፍሰስ፥ ይህም ሁሉ ኢንዛይሙን የሚያድሰው አይደለም። ምግብ በልቶ መጠጣት አልኮሉ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል፤ ፈውስ ግን አይሆንም።

አንባቢ «ይህ የእስያ ሰዎች ነገር ከሆነ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። በእርግጥ ይህ ውርስ ከምሥራቅ እስያ ተወላጆች ውጭ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህም በአገራችን ከዚያ በፊት ጠጅ ወይም ጠላ ሲጠጣ ምንም የማይሆን ሰው፥ በአንድ ቀን በድንገት ፊቱ ቢግል፥ ልቡ ቢደልቅና ቢያስመልሰው፥ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «የምትወስደው መድኀኒት አለን?» ተብሎ ነው። መድኀኒትም ያንኑ ሁለተኛ ኢንዛይም ሊያሰናክል ይችላል።

ይህ የታወቀበት ታሪክ የሚያስገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 አንድ አሜሪካዊ የፋብሪካ ሐኪም፥ ለጎማ ሥራ የሚያገለግል ኬሚካል የሚነኩ ሠራተኞች አልኮል መጠጣት እንደማይችሉ ጽፎ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ በዴንማርክ አገር የንስ ሐልድና ኤሪክ ያኮብሰን የተባሉት ተመራማሪዎች ከዚያው ወገን የሆነውን ዳይሰልፊራምን ለሆድ ትላትል መድኀኒት ይሆን እንደ ሆነ ሲፈትኑ፥ ራሳቸው ዋጡት። ከዚያም ጥቂት አልኮል በቀመሱ ጊዜ የደረሰባቸው የፊት መቅላትና የልብ ምት የመድኀኒቱን ሌላ ጠባይ ገለጠላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ዳይሰልፊራም መጠጥ ለመተው ለሚፈልጉ ሰዎች በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኀኒት ሆኗል። በሽተኛው ሳያውቅ በምግቡ ውስጥ ደብቆ መስጠት ግን ለሕይወቱ የሚያሠጋ ስለ ሆነ፥ ቤተ ሰብ በቅንነት እንኳ ሊያደርገው አይገባም።

በአገራችን ዘወትር የሚያጋጥመው ለአሜባና ለጃርዲያ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል፥ እንዲሁም ወንድሙ ቲኒዳዞል ነው። እነዚህን እየወሰደ መጠጥ የጠጣ ሰው እንደ ዳይሰልፊራም ያለ ሥቃይ እንደ ደረሰበት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተጽፏል። እውነቱን ለመናገር በዚህ ላይ ክርክር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በፊንላንድ በ12 ጤነኛ ወንዶች ላይ በተደረገ ፈተና ሜትሮኒዳዞል አሴታልዴሃይድን ከፍ ሲያደርግ አልታየም። ሆኖም በአንዳንድ ሰዎች ላይ የደረሰው ከባድ ስለ ነበረ፥ መድኀኒቱ በሚወሰድበት ወራትና ከመጨረሻው ክኒን በኋላ እስከ 3 ቀን ድረስ ከመጠጥ መከልከል ይሻላል። ጠላ ቀላል ነው፥ አይቈጠርም የሚል ሰው ብዙ ነው፤ በጠላም ውስጥ አልኮል አለ። የሳንባ ነቀርሳ መድኀኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ጉበቱ እንዳይጐዳ ሕክምናው እስኪፈጸም ድረስ መጠጥን ፈጽሞ ቢተው ይበጀዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ዐይን ብቻ አይበቃም፤ የፊትና የጆሮ መጋል፥ የልብ መደለቅ፥ የራስ ፍልጠት ካለ ምልክቱ ያው ነው። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፥ ሰውነት እንደ ሳማ የለበለበው ሆኖ ከተንደበደበ፥ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ይህ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መድረስ ያስፈልጋል።

ጋባዥ የሆነ ሰውም «በሞቴ» ከማለቱ በፊት እንግዳውን ቢመለከተው መልካም ነው። «መድኀኒት ላይ ነኝ» ወይም «አይስማማኝም» ያለውን ሰው ምክንያት እንዲያብራራ ማስጨነቅ ጨዋነት አይደለም፤ ብዙ ሰው የበሽታውን ስም በጉባኤ መሐል መናገር ያፍራል።

ከዚያ ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት ደብዳቤ ደርሶኛል። አንድ ሐኪም ሁለት ጥያቄ ጠይቆት ነበር፤ አንደኛው «አንድ ብርጭቆ ቢራ ስትጠጣ ወዲያው ፊትህ ይቀላልን?» ሁለተኛው «መጠጥ በጀመርህበት በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዓመት ይቀላ ነበርን?» የሚሉ ናቸው። የጃፓን ሐኪሞች ደካማውን ኢንዛይም የወረሱትን ሰዎች ያለ ደም ምርመራ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ሳይስቱ ይለዩአቸዋል። ጓደኛዬ ለመጀመሪያው «አሁንስ ቀርቷል» ቢልም ለሁለተኛው «አዎን» ብሎ ስለ መለሰ፥ የምግብ ማውረጃ ቧንቧው በመሣሪያ ታየ፤ ምንም አልተገኘበትም። መጠጡን ግን በዚያው ቀን ተወው። አሁን ታናናሾቹ በእራት ጊዜ የሚቀዱለት የገብስ ሻይ ነው ይላል። በመጪው ዓመት ወደ አገራችን ሊመጣ ስላሰበ፥ እኔም የምቀዳለትን አስቤአለሁ፤ ብርዝ ነው። ብርዙም በዕለቱ የተበረዘ መሆን ይገባዋል፤ ውሎ ካደረ መፍላት ይጀምራልና።